ስክሪን የሌለው የታንጉት ኮምፒውተር

ታንጉት ማረፏን የሰማሁት ድንበር ላይ ባለችው ገላባት ነው። ከገዳሪፍ ዱቄት ጭኖ ከመጣ ሎሪ የወረደ የድሮ ሰፈራችን ሰው፣ ሰላምታ እንኳ በቅጡ ሳንጨርስ፣ «ያቺ ዓይነ ስውሯ ጎረቤትሽ አረፈች እኮ። ምስኪን!» አለኝ።

ከሐዘኔ ቀድሞ የመጣው ንዴት ነበር። ታንጉት በሕይወቷ እንደዚያች «ምስኪን» የምትል ቃል የጠላችው ነገር አልነበረም። ቃሏ በአማርኛም በዓረብኛም አንድ በመሆኗ፣ «ከአንዱ ቋንቋ ሸሽቼ ወደ ሌላው እንዳልገባ፣ በሁለቱም በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች» ትል ነበር። አንድ ቀን ገበያ ውስጥ አንዲት ሱዳናዊት «ያ ሚስኪና» ብላ የወረቀት ጊኒ መዳፏ ላይ አስቀመጠችላት። ታንጉት ወረቀቱን በጣቶቿ አገላበጠችና፣ «ጨምሪበት እንጂ፣ በዚህ ምን ይገዛል?» አለቻት። ሴትዮዋ ክው አለች። ታንጉት ሳቀች፤ ገንዘቡን መለሰችላትና እጇን ይዛ ሻይ ቤት አስገብታ ጋበዘቻት። ሲለያዩ ጓደኛሞች ነበሩ።

ምስኪን አልነበረችም። ይህን የምጽፈውም ያቺ ቃል መቃብሯ ላይ እንዳትቀመጥ ብዬ ነው።

ሱዳን የገባችው በእናቷ ጀርባ ላይ ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከበለሳ ተነሥተው፣ በእግር ተጉዘው መጠለያው እንደደረሱ ኩፍኝ ገባ። ኩፍኙ ከረሀቡ ጋር ተጋግዞ የብዙ ሕፃናት ዓይን አጠፋ፤ አንዷ እሷ ነበረች። እናቷ እዚያው ቀረች። ያሳደጋት ታላቅ ወንድሟ ሞላ ነው፤ እሱም ያኔ ልጅ ነበር። «ሰው ሁሉ መጨረሻ ያየሽው ነገር ምን ነበር ይለኛል» ትል ነበር ታንጉት። «አላስታውስም። ቆንጆ ነገር ነበር ብዬ እንድዋሽለት ይፈልጋል መሰለኝ።»

ገዳሪፍ ውስጥ አንድ ሖሽ ተጋርተን ኖርን። ሖሽ የምንለው ባንድ አጥር የታጠረ፣ ብዙ ቤት ያለው ግቢ ነው። እሷ ከወንድሟ ቤተሰብ ጋር፣ እኔ ከአጠገባቸው። የምትተዳደረው አንገሬብ በመሥራት ነበር፤ ያ በገመድ የሚጠለፍ የሱዳን አልጋ። ገመዱን ስታጠብቅ ከንፈሯን ትነክሳለች። አጠገቧ ሰው የማይረባ ነገር ሲያወራ ደግሞ የአልጋውን እንጨት በጥፍሯ ቷ፣ ቷ ታደርገዋለች። ያ ድምፅ ከተሰማ ወሬ መቀየር ነው።

ትምህርት የጀመረችው በትልቅነቷ ነው፤ መጽሐፉን የማነብላት እኔ ነበርኩ። የሁለተኛ ደረጃን ፈተና በዓረብኛ ተፈትና ስታልፍ ሖሹ ሙሉ እልል አለ። ያኔ እንኳን ደስ ያለሽ ሊሏት የመጡት ሁሉ እኔንም አመሰገኑኝ። እሷ ግን ሰው ሲወጣ፣ «ስንዱ፣ እግዜር ይስጥሽ» አለችኝና አከለችበት፦ «ግን ስታዛጊ መስመር ትዘያለሽ። አንድ ቀን ካንቺ ማዛጋት እገላገላለሁ።»

ከዚያ ካርቱም ላይ ጦርነቱ ፈነዳ። ገዳሪፍ በተፈናቃይ ተጥለቀለቀች፤ በየትምህርት ቤቱ፣ በየጥላው ሥር ሰው ተኛ። ቀጥሎ ረሀቡ መጣ። ገዳሪፍ የእህል አገር ናት። ሞላ እንኳ በእህል ገበያው ጆንያ ተሸካሚ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ዱራ ተሸክሞ ውሎ፣ ማታ ልብሱን ሲያራግፍ የሚወድቀውን ማሽላ ባለቤቱ ከመሬት ትለቅም ነበር። የእህል ክምር እያየን የተራብንባቸው ዓመታት ነበሩ። በቀን አንዴ መብላት ደንብ ሆነ።

በዚያ መሀል ግን የታንጉት አልጋ ተፈላጊ ሆነ፤ ተፈናቃይም መተኛት አለበት። አንድ ቀን አልጋ ልታስረክብ ተፈናቃዮቹ ያሉበት ሄዳ፣ እንደ እሷ ዓይነ ስውር የሆነ የካርቱም ተማሪ አገኘች። ልጁ ኮምፒውተር ነበረው፤ ኮምፒውተሩ ያወራል። የነኩትን ቁልፍ ስም ይጠራል፣ የተጻፈውን ያነባል። ታንጉት እዚያው ተቀመጠች። ልጁ ወደ ከሰላ ከተማ እስኪሄድ ድረስ እየተመላለሰች ቁልፉን በጣቶቿ አጠናችው። ዓረብኛውንም አማርኛውንም። አማርኛው ድምፅ አፍንጫውን ይዞ የሚያወራ ሰው ይመስል ስለነበር «አፍንጫሜ» አለችው።

በዚያው ሰሞን ስደተኞችን የሚያነጋግር አንድ መሥሪያ ቤት፣ በአማርኛ የተቀዳ ቃለ መጠይቅ እየሰማ በኮምፒውተር የሚጽፍ ሰው ይፈልጋል ተባለ። መስፈርቱ የራስ ኮምፒውተር ነው። ታንጉት ወሬውን እንደሰማች ያጠራቀመቻትን ገንዘብ ይዛ ተነሣች።

ያን ቀን በሖሹ ውስጥ የተነሣውን ጭቅጭቅ አልረሳውም። ሞላ ድምፁን ከፍ የሚያደርግ ሰው አልነበረም።

«ታንጉት፣ ልጆቹ ርቧቸዋል» አለ።

«አውቃለሁ። ሆዳቸው ሲጮኽ ካንተ ቀድሜ የምሰማው እኔ ነኝ።»

«እንግዲያስ ዱራ እንግዛበት።»

«ዱራው ያልቃል፣ አያ። ከዚያስ? የዛሬ ወር ምን ልንሸጥ ነው?»

«ቢያንስ ላፕቶፕ ግዢ» አለ ሞላ፣ መሸነፉን ሲያውቅ። «ይታጠፋል። ነገ ከዚህም ተነሡ ቢሉን ብብትሽ ሥር ከተሽው ትሄጃለሽ።»

ያኔ የእንጨቱን ቷ፣ ቷ ሰማን።

«ይኸው ነው ነገሩ» አለች። «ስደተኛ ሁሉ የሚታጠፍ ነገር ነው የሚገዛው። ፍራሹ ይታጠፋል፣ ወንበሩ ይታጠፋል፣ እኛም ታጥፈን ነው የምንተኛው። ከእናቴ ጀርባ ከወረድኩ ጀምሮ ገዳሪፍ ነኝ፤ አሁንም ለመነሣት እንድዘጋጅ ትፈልጋለህ? እኔ የማይታጠፍ ነው የምፈልገው። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ ከባድ ነገር።»

ሞላ ተነሥቶ ወጣ። ባለቤቱ አለቀሰች። ታንጉት ፊቷ አልተለወጠም፤ ግን ሻሿን ሁለቴ ፈትታ አሰረችው። በማግሥቱ አብረን ገበያ ወረድን። ራክሻ በሚሉት ባጃጅ ውስጥ ሆና፣ «ዓይንሽን ስጪኝ፣ አፍሽን ግን ያዥልኝ» አለችኝ።

ባለ ሱቁ ዑስማን ይባላል፤ ከካርቱም ሱቁ የተረፈችውን ጥቂት ዕቃ ይዞ የተሰደደ ሰው ነው። ሁሉም ያገለገለ ዕቃ ነበር። ሱዳኖች የዚህን ዓይነቱን ባለሙያ በክብር «ባሽመሃንዲስ» ይሉታል፤ ታንጉትም እንደዚያ ብላ ጠራችው። እሱ ግን እኔን እያየ መለሰ።

«ለተማሪ ከሆነ ላፕቶፕ ይሻላታል።»

«ባሽመሃንዲስ፣ ገዢዋ ወዲህ ናት» አለች ታንጉት። «ባትሪው ስንት ዓመቱ ነው?»

ሰውዬው ዝም አለ።

«ሰማሁህ። ባትሪው ከሞተ እሱም ጠረጴዛ ላይ ተሰክቶ የሚውል ነው። ደግሞ አንድ ቁልፍ ቢነቀልበት ሙሉ ዕቃው ሐኪም ቤት ይገባል። የዴስክቶፕ ኪቦርድ ቢበላሽ ግን ኪቦርድ ብቻ እገዛለሁ። ዴስክቶፕ አሳየኝ።»

አንድ ትልቅ አውጥቶ ሰካ። ታንጉት ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ለጠፈችበት። እኔ እንኳ ቆሜ የሚሽከረከረውን የዲስኩን ጉርርታ እሰማ ነበር።

«ይሄ ሽማግሌ ነው፤ ያስላል። የማይሽከረከረው ዲስክ ያለበት የለህም? ኤስኤስዲ የሚሉት? ሳጥኑም አነስ ያለ ይሁን፤ ሖሹ ውስጥ ያለን አንዲት ሶላር ናት። ይሄ አውሬ ባትሪያችንን ቁርስ ያደርገዋል።»

ዑስማን አሁን እኔን ማየቱን ተወ። ከመደርደሪያው ጥግ ከመጽሐፍ ብዙም የማይበልጥ ሳጥን አወረደ። የሚያነበውን ፕሮግራም ከተማሪው በፍላሽ ተቀብላ ነበር፤ እሱን አስጫነችው። ድምፁ መጣ። ከእሱ ጋር አንድ የተቀዳ ወሬ ስታስከፍት ግን አፍንጫሜ መንተባተብ ጀመረ።

«ራሙ አራት ነው» አለ ዑስማን። «ስምንት ቢሆን አይኮላተፍም።»

«ስምንት አድርገው።»

«ዋጋው ይጨምራል።»

«አይጨምርም። ስክሪኑን አስቀርና በእሱ ፈንታ ራሙን ጨምርልኝ።»

ሰውዬው ሳቀ። ቀልድ መስሎት ነበር። ከዚያ ኮስተር አለ። «ያለ ስክሪን አልሸጥም፣ ያ ኡኽቲ፣ እህቴ። ነገ የጎደለ ዕቃ ሸጠልኝ ትያለሽ። ኮምፒውተር ያለ ስክሪን ምኑን ኮምፒውተር ነው?»

«ሰውስ ያለ ዓይን ምኑን ሰው ነው?»

አጠገባችን ስልክ ሊያስጠግን የቆመ ሰውዬ ወደ መሬት አየ። ታንጉት ግን አልተቆጣችም፤ የድምፁን አቅጣጫ ተከትላ ወደ ዑስማን ዞረች። «ስክሪን ለኔ መብራት የሚበላ ግድግዳ ነው። ለሚያየው ሽጠው፤ አንተም ታተርፋለህ።»

ዑስማን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ቀስ ብሎ፣ «ወላሂ ልክ ነሽ» አለና ሳጥኑን ከፍቶ ራሙን መለወጥ ጀመረ። ኪቦርድ ስትመርጥ ያሉትን ሁሉ ደረደረላት፤ ጣት የሚያርፍባቸው የመነሻ ቁልፎች ላይ ያሉት ጉብታዎች ያልተፋቁበትን በጣቷ መርጣ ወሰደች።

ወደ ሖሹ ስንመለስ ጎረቤቱ ሁሉ ሊያይ መጣ። የሚታይ ነገር ግን አልነበረም። ጥቁር ሳጥን፣ ኪቦርድ፣ የጆሮ ማዳመጫ፤ በቃ። አንዳንዱ ተታለለች አለ። አንዲት አሮጊት ድምፁን ሰምተው «ጂኒ ነው» ብለው አማተቡ። ታንጉት፣ «ጂኒ ቢሆንማ ሶላር አይጠይቀኝም ነበር፣ እማማ» አለቻቸው። ሞላ ሁሉንም ከበሩ ሆኖ አየ፤ አልገባም።

መሥሪያ ቤቱ መጀመሪያ አልተቀበላትም። ኃላፊው ዳዊት የሚባል የአገራችን ሰው ነበር፤ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን እንዳያት ድምፁ ለሰለሰ። «እህቴ፣ ይሄ ሥራ ዓይን ይፈልጋል። ሌላ የምንረዳሽ ነገር ካለ…» አላት። ታንጉት አመስግና ወጣች። ቤት ስንደርስ ሳጥኑን ከነኪቦርዱና ከነማዳመጫው ነቀለች፣ በነጠላዋ ጠቀለለችው፣ «ራክሻ ጥሪልኝ» አለች።

ዳዊት ቢሮ ተመልሰን ስንገባ ሰውዬው ብድግ አለ። ታንጉት ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ዓይን ይፈልጋል ብለኸኝ ነበር። ዓይኑ አንተ ጋ አለ፤ ስክሪንህን ለትንሽ ጊዜ አውሰኝ።»

እኔ የስክሪኑን ገመድ ከእሱ ኮምፒውተር ነቅዬ ከእሷ ሳጥን ጋር አገናኘሁት። ዳዊት አንድ የድምፅ ቅጂ ከፈተላት። ከመተማ በኩል የተሻገረ ገበሬ ከብቶቹን እንዴት እንዳጣ የሚናገርበት ነበር። ታንጉት ማዳመጫውን አጠለቀች፤ ጣቶቿ መሄድ ጀመሩ። የገበሬው ቃል በዳዊት ስክሪን ላይ እየተጻፈ ወረደ። ዳዊት ቆሞ ያነባል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል።

ስትጨርስ፣ «ስሕተት አለው» አለ።

«የት?»

«ሐዘን የሚለውን በሀሌታው ሀ ነው የጻፍሽው። ሠራዊት የሚለውንም በእሳቱ ሰ። ሁሉንም ባንድ ፊደል ነው የጻፍሽው።»

ታንጉት በእውነት ተገረመች። ፊደልን አይታ አታውቅም፤ በድምፅ ብቻ ነው የምታውቀው። «አንድ ድምፅ ስንት መልክ አለው?» አለች።

ዳዊት ሳቀ፤ ልስላሴው ከድምፁ ጠፋ። «ብዙ። እኛም ዓይን እያለን እንሳሳታለን። የሚታረመው ይታረማል። ሰኞ ጀምሪ፤ ቅጂውን በፍላሽ እልክልሻለሁ።»

የመጀመሪያው ደመወዝ እጇ ሲገባ ለሞላ ሰጠችው። ሞላ በዚያ ቀን ዱራ ገዝቶ መጣ። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ጆንያ የተሸከመ ጀርባው ላይ የራሱን ጆንያ ጭኖ ወደ ሖሹ ሲገባ አየሁት። በራክሻ ማምጣት ይችል ነበር። የታንጉት በር ላይ ጆንያውን አውርዶ፣ ላቡን ጠርጎ ተቀመጠ። ልጆቹ ያን ማታ ጠገቡ።

ከዚያ በኋላ ሕግ ለመማር በርቀት ተመዘገበች። መጽሐፉን አፍንጫሜ ያነብላታል፤ ፍጥነቱን ከፍ ስለምታደርገው እኔ ቃል አልለይበትም ነበር። በበሯ ሳልፍ ቅር እንዳለኝ ገብቷት፣ «ነይ ግቢ፤ እሱ አያዛጋም እንጂ ወግ አያውቅም» ትለኛለች። ገብቼ እቀመጥና እናወጋለን።

ክረምቱ መጥቶ ጦርነቱ ወደ እኛ ተጠጋ ተባለ። ከሀዋታ በኩል የሚሸሹ ሰዎች በአህያና በትራክተር ገቡ፤ ሖሹም መነሣት ጀመረ። ሞላ ወደ ገላባት የሚሄድ ሎሪ ላይ ለቤተሰቡ ቦታ ያዘ። እኔም ቦታ ያዝኩ። ታንጉት አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችን።

«እታለም፣ ተነሺ እንጂ» አልኳት።

«እናንተ ሂዱ። ልጆቹ መሄድ አለባቸው። እኔ ሥራ አለብኝ።»

«ቢመጡስ?»

«ከመጡ አንዲት ሴት ሥራ ላይ ያገኛሉ። እናቴ ሸሽታ መጠለያ ውስጥ ነው የቀረችው፣ ስንዱ። አልፈራሁም አልልሽም። ፈርቻለሁ። ግን ፍርሃቴ ነድቶ ሎሪ ላይ አይጭነኝም።»

ሞላ ልጆቹንና ባለቤቱን ጫነ። ሎሪው ሞተሩን ሲያስነሣ እሱ ወረደ። እህቱን ትቶ መሄድ አልሆነለትም። እኛ ሄድን፤ ሁለቱ ቀሩ። ጦርነቱ ገዳሪፍ አልገባም። የሞላ ቤተሰብ ሲመለስ፣ እኔ ገላባት ላይ ትንሽ ንግድ ጀምሬ ስለነበር እዚያው ቀረሁ፤ ከታንጉት ጋር በስልክ እንገናኝ ነበር።

በስልክ ነው ስለ ለተብርሃን የነገረችኝ። ለተብርሃን በትግራዩ ጦርነት ዓይኗን ያጣች፣ መጠለያ የምትኖር ሴት ናት። መሥሪያ ቤቱ የትግርኛ ቅጂም እንዳለው ታንጉት ሰማች፤ ሴትዮዋን አስፈልጋ አስመጣችና ኪቦርዱን አስተማረቻት። አንዱን ሳጥን በየተራ ይሠሩበት ጀመር፤ ጠዋት አማርኛ፣ ከሰዓት ትግርኛ። «ስታለቅስ መጣችብኝ» አለችኝ ታንጉት። «አሁን ዘግይተሽ ተነሣሽ እያለች እኔን ትቆጣኛለች።»

መጨረሻ ያነጋገርኳት ትኩሳት ይዟት ነው። ድምጿ ደክሟል። በዚያ ክረምት ትኩሳቱ ብዙ ሰው ይዞ ነበር፤ መድኃኒት ደግሞ ጠፍቷል። «ሐኪም ቤቱ ሞልቷል፤ ወለል ላይ ነን» አለችኝ። «ከጎኔ ያለችው ሴትዮ ስለ እርሻ መሬት ተከሳ ነው አሉ፤ ስለ ክርክሯ እየመከርኳት ነው።»

ከዚያ በኋላ ያ ዱቄት የጫነው ሎሪ መርዶዋን ይዞ መጣ።

ገዳሪፍ የደረስኩት በሣልስቷ ነው። ሖሹ ውስጥ ድንኳን ተጥሎ ወንዶቹ ተቀምጠዋል። ሞላ ጥግ ላይ ነበር፤ ሳቅፈው እንደ ሕፃን ቀለለኝ። ትንሽ ቆይቶ አንዲት ሴት ዱላዋን እያንኳኳች ገባች። ለተብርሃን ነበረች። አልቅሳ፣ አልቅሳ፣ ሲወጣላት እጄን ፈልጋ ያዘችና በጆሮዬ፣ «የጀመርነው ቅጂ አለ፤ ነገ ይጠበቃል» አለችኝ። «ሐኪም ቤት ሆና እንዳታቋርጪው ብላኛለች። ነውር ነው፣ አውቃለሁ። ግን ብላኛለች።»

ወደ ታንጉት ክፍል አስገባኋት። ሳጥኑ ጠረጴዛው ላይ ነው። ማዳመጫውን ብንፈልግ አጣነው፤ ከታንጉት ጋር ሐኪም ቤት ሄዶ ሳይመለስ ቀርቷል። ለተብርሃን አመነታች፣ ከዚያ አበራችው። አፍንጫሜ በሙሉ ድምፁ መናገር ጀመረ፤ ለቅሶ ቤቱ ሁሉ ሰማው።

አንድ ሽማግሌ ከድንኳኑ ተነሡ። «ምንድነው ይሄ? ለቅሶ ቤት ሬዲዮ ይከፈታል? ዝጉት!»

ሌሎችም አጉረመረሙ። ለተብርሃን እጇን ከኪቦርዱ አነሣች።

ሞላ ተነሣ። ሁላችንም ሊዘጋው የሚመጣ መስሎን ነበር። ወንበሩን ይዞ ድንኳኑን አቋርጦ መጣ፤ የክፍሉ በር ላይ አስቀመጠው፣ ፊቱን ወደ ለቀስተኛው አዙሮም ተቀመጠበት።

«ሬዲዮ አይደለም፣ አባባ» አለ። «ሥራ ላይ ናት። እባካችሁ ጮክ ብላችሁ አታውሩ።»

ሽማግሌው ጥቂት ቆመው ተቀመጡ። ከውስጥ የቁልፎቹ መንኳኳት ተሰማ፤ ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አደረገ።